ያስተማራችሁን ሰው ይዛችሁ ኑ

ሐዋ እንድሪስ ለመምህርነት ስታመለክት አርባ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። በደሴ ያለው ኮሌጅ የድኅረ ምረቃ የመምህርነት ሥልጠናውን ከዘጋ አንድ ትውልድ አልፎ፣ ያን ዓመት ለሙከራ ያህል እንደገና ከፈተው። ማስታወቂያው በየሰዉ ጆሮ ውስጥ በሚናገረው መሣሪያ፣ በመካሪው በኩል ተነገረ። አብዛኛው ሰው ቀልድ መስሎት አለፈው። የሐዋ ባል ከማል፣ ሰው ሰውን የሚያስተምርበት ሥራ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ጠየቃት። ሊያሾፍባት አልነበረም፤ የምር አልገባውም።

መስፈርቱ አጭር ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ፤ መካሪ በሌለበት፣ በልጆች ፊት ቆሞ የሚሰጥ አንድ የሙከራ ትምህርት፤ ከዚያ ከሁሉ የከበደው፦ ያስተማራችሁን ሰው ይዛችሁ ኑ። መካሪ ሳይሆን ሰው። በኮሌጁ አጣሪዎች ፊት ቀርቦ “ይህችን እኔ አስተምሬያታለሁ” የሚል።

ብዙዎቹ አመልካቾች እዚህ ላይ ቀሩ። አፍ ከፈቱበት ጊዜ ጀምሮ ጆሯቸው ውስጥ ካለው መካሪ በቀር ሌላ አስተማሪ አያውቁም። ሐዋ ግን እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ሰው አስተምሯታል። ከእሷ በታች የነበሩት ልጆች ያን ዕድል አላገኙም።

ሐዋ የምትሠራው ጥያቄ ማጣሪያ በሚባል መሥሪያ ቤት ነው። ልጆች ለመካሪዎቻቸው ከሚያቀርቧቸው ጥያቄዎች መካከል መልስ ያጡት ወደ እሷ ጆሮ ይመጣሉ፤ ሰምታ ትመድባለች። የሒሳብ ከሆነ ወደ ሒሳብ፣ የጤና ከሆነ ወደ ጤና ትልካለች። የትም የማይገባውን “ከትምህርት ውጪ” ትለዋለች፤ ጥያቄውም እዚያው ይጠፋል። ጠዋት ገብታ ማታ እስክትወጣ የማታያቸውን ልጆች ድምፅ ስትሰማ ትውላለች።

ከጊዜ በኋላ አንድ ጥያቄ እየተመላለሰ እንደሚመጣ አስተዋለች። አንድ ቀን በቀጭን የሴት ልጅ ድምፅ፣ ሌላ ቀን ጉንፋን በያዘው የወንድ ልጅ ድምፅ ይመጣል። “ይኼ ነገር ያልገባኝ እኔን ብቻ ነው?” ይላል ልጁ። መካሪው ሁልጊዜ በለሰለሰ ድምፅ፣ የአንተ ጉዞ የአንተ ብቻ ነው፣ ከማንም ጋር አታወዳድረው ብሎ ይመልስለታል። ልጁ ግን አይተወውም። ከዚያ፣ “ሌላም ልጅ አልገባውም ወይ ነው ያልኩት” ይላል። ይህን ጊዜ ጥያቄው ወደ ሐዋ ይመጣል። እሷም “ከትምህርት ውጪ” ትልና የሚቀጥለውን ትሰማለች።

አንድ ቀን ያን ቃል መናገር አቃታት። ጥያቄዎቹ ተደራረቡባት። አለቃዋ መጥቶ አሞሽ ነው ወይ አላት። አላመመኝም አለች። የኮሌጁን ማስታወቂያ የሰማችው በዚያው ሳምንት ነው።

እሷ በተማረችበት ዘመን ይህ ጥያቄ አያስፈልግም ነበር። ትምህርት ቤታቸው ከቧንቧ ውሃ ሰፈር በላይ፣ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ጎኗ የሚቀመጠው ቶፊቅ የሚባል ልጅ በክርኑ ጎሸም ያደርጋትና “ገባሽ?” ይላታል። “አልገባኝም” ትለዋለች። “እኔም” ይላል። በቃ። ከዚያ በኋላ አለመግባቱ ያን ያህል አያስፈራም። ደወሉ ከግራር ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ነበር። ጥያቄ ሲጠየቅ ክፍሉ በሙሉ ጣቱን እያጮኸ “ቲቸር! እኔ ቲቸር!” ሲል፣ መልሱን የማያውቀውም አብሮ ያጮሃል። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ምንም አይሰማም፤ አስተማሪያቸው ቲቸር የሻረግ ያን ጊዜ ንግግራቸውን ትተው ሰሌዳው ላይ በዝምታ ይጽፋሉ፤ ልጆቹም ከዝናቡ ጋር እየጮሁ ያነባሉ።

ትምህርት ቤቱ የተዘጋ ዕለት ሰሌዳውን ሊፈቱ ሁለት ሰዎች መጡ። ቲቸር የሻረግ አስቁመዋቸው ዳስተራቸውን አነሡ። ከጥግ እስከ ጥግ ቀስ ብለው አጠፉት። ከዚያ “አሁን ውሰዱት” አሉ። ሐዋ ይህን ሁሉ በመስኮት አይታለች።

ቲቸር የሻረግ በሕይወት መኖራቸውን፣ ሐይቅ ከተማ መግባታቸውንም ያገኘላት መካሪዋ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፈረች። ሹፌር የለም፤ በር ላይ ተንጠልጥሎ “ሐይቅ! ሐይቅ!” የሚል ረዳትም የለም። ተሳፋሪው ሁሉ ከየመካሪው ጋር በለሆሳስ እያወራ መኪናው በፀጥታ ሄደ። ሐዋ በመንገዱ ሁሉ የምትናገረውን ስታሰናዳ ነበር። ቲቸር የሻረግ ሲያዩኝ ምን ይሉ ይሆን፣ ያለቅሱ ይሆን እያለች አሰበች።

ቤቱ ከሐይቁ ከፍ ብሎ ዳገቱ ላይ ያለ፣ ሰፊ በረንዳ ያለው ነው። አሮጊቷ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ፀሐይ ይሞቃሉ። ሐዋ በሩ ላይ ቆማ “ቲቸር” አለች። ይህን ቃል ከአፏ ካወጣች ሠላሳ ዓመት ሊሆነው ነው። ሴትየዋ ከቤት ውስጥ የተጠሩ ይመስል መጀመሪያ ወደ ጓዳ ዞሩ። ከዚያ ዓይናቸውን በእጃቸው ጋርደው አዩዋት።

ስሟን ነገረቻቸው። የተማረችበትን ዓመት፣ የተቀመጠችበትን ቦታ፣ ከቶፊቅ ጎን መሆኑን ጭምር ነገረቻቸው። ቲቸር የሻረግ ቶፊቅን ወዲያው አስታወሱት። መስኮት የሰበረውን፣ ጠመኔ የበላውን ሁሉ እየሳቁ ተረኩላት። ሐዋ ስለ ቸርኬው ደወል፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰሌዳው አነሣች። ሁሉንም ያስታውሳሉ። ከሁሉም ውስጥ የሌለችው እሷ ብቻ ናት።

“ዝምተኛ ነበርሽ?” አሏት በመጨረሻ።

“አዎ፣ ዝምተኛ ነበርኩ።”

“ዝምተኞቹ ከልቤ ጠፍተዋል። ከዚያ ሁሉ ልጅ መካከል የሚታወሰው የሚያስቸግረው ነው።” እጇን ያዟት። “እንዳይከፋሽ፣ ልጄ። ሰው ፊት ቆሜ ግን የማላስታውሰውን አስታውሳለሁ አልልም።”

ሐዋ አይከፋኝም አለች። ከፍቷት ነበር። ይችን ሴት ይህን ሁሉ ዓመት በልቧ ይዛ ስትዞር፣ በሴትየዋ ልብ ውስጥ እሷ አንድ ቀን እንኳ አልነበረችም። የቀረበላትን ሻይ ጠጥታ ለመሄድ ተነሣች። ቲቸር የሻረግም ምርኩዛቸውን ይዘው እስከ ደረጃው ሸኟት፤ እዚያ ቆም ብለው የሙከራው ትምህርት መቼ እንደሆነ ጠየቋት። ነገረቻቸው።

“መጥቼ ልይሽ” አሉ። “ያየሁትን እናገራለሁ። ከዚያ በላይ አትጠብቂ።”

የፈተናው ዕለት ደሴን ጉም ዋጣት። ሐዋ ያዘጋጀችው ትምህርት ስለ ጥላ ነበር። ልጆቹን ግቢ አውጥታ፣ አንዱ የሌላውን ጥላ እየለካ፣ ከዚያ የባሕር ዛፉን ቁመት ከጥላው እንዲያገኙት ልታደርግ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስትለማመደው ከርማለች። ጠዋት መጋረጃዋን ስትገልጥ ጦሳ ተራራ የለም፤ የጎረቤቷም ቤት የለም።

ሙከራው የሚካሄደው በአንድ የሕፃናት መዋያ ውስጥ ነው። የድሮ ትምህርት ቤቶች ከተዘጉ ወዲህ ልጆች ቀኑን የሚያሳልፉት በእነዚህ መዋያዎች ነው። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ከለላ ያለው መቀመጫ አለው። አዳራሹ ውስጥ ሲገባ የሚሰማው እንደ ንብ ቀፎ ያለ ሹክሹክታ ነው፤ ሁሉም ያወራል፣ እርስ በርሱ የሚያወራ ግን የለም። ምሳም በየመቀመጫው ይመጣል። ሁሉም በየራሱ ፍጥነት ስለሚማር የክፍል ደረጃ የሚባል ነገር ቀርቷል።

አጣሪዎቹ ከኋላ ተደርድረው ተቀመጡ። ሰብሳቢዋ ዶክተር ስምረት የሚባሉ፣ ቁጥብ ሴት ናቸው። ቲቸር የሻረግ ከእሳቸው ጎን፣ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ተቀመጡ። አንዲት ሞግዚት ዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ይዛ ገባችና መካሪዎቻቸውን ከየጆሯቸው አውጥታ ሰሐን ላይ ሰበሰበች።

ልጆቹ ከእንቅልፍ የተቀሰቀሱ መሰሉ። ጆሯቸውን ይነካካሉ። አንዱ ድምፅ ሳያሰማ ማልቀስ ጀመረ። ሐዋ እንደምን አደራችሁ ስትል ማንም ወደ እሷ አልዞረም፤ ድምፅ የሚመጣው ከውስጥ ስለሆነ፣ የሚናገርን ሰው ፊት ማየት እንዳለባቸው አያውቁም። ቀላል ነገር ጠየቀቻቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ እያንዳንዱ ለራሱ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ መለሱ። ከዚያ እያንዳንዱ ለየብቻው ጎበዝ እስኪባል ጠበቀ።

ሐዋ እንጨቷንና ገመዷን ይዛ ቆመች። በመስኮቱ የሚታየው ነጭ ብቻ ነው።

“ዛሬ ስለ ጥላ ላስተምራችሁ ነበር” አለች። “ግን ጥላ የለም። ምን እንደምናደርግ አላውቅም።”

ልጆቹ አሁን ቀና ብለው አዩዋት። የሚያስተምር ድምፅ “አላውቅም” ሲል ሰምተው አያውቁም።

ከፊት የተቀመጠች፣ ጥርሷ የወለቀ ልጅ፣ “ጉሙ እስከየት ነው?” አለች።

ሐዋ ወደ መስኮቱ አየች፤ ከዚያ ወደ ልጆቹ ተመለሰች። “እንዴት እናውቃለን?” ብላ ጠየቀቻቸው።

መልስ የለም። ሐዋም አልተናገረችም። ጊዜው ረዘመ። ከአጣሪዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፤ ሞግዚቷ ሰሐኗን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ሐዋ እጆቿን አጣምራ እንደቆመች ነች። በመጨረሻ ሲያለቅስ የነበረው ልጅ አፍንጫውን ጠርጎ፣ አንድ ሰው እስኪጠፋ ድረስ ቢሄድስ አለ። ሌላዋ፣ ከጠፋ እንዴት ይመለሳል አለች። ሦስተኛው፣ ሊጠፋ ሲል እናስቁመዋ አለ።

ወጡ። አጣሪዎቹም ካፖርታቸውን ደራርበው ተከተሉ። አንድ ልጅ ወደ ጉሙ መራመድ ጀመረ። ጀርባው ግራጫ ሆነ፣ ከዚያ ጭስ መሰለ። ሐዋ ጥርሷ ለወለቀው ልጅ፣ “ሊጠፋ ነው፤ ጥሪና አስቁሚው” አለቻት።

ልጅቷ አፏን ከፈተች። ወደ ሐዋ ዞራ፣ “ስሙን አላውቀውም” አለች።

ሐዋ ሌሎቹን ጠየቀች። አንድም የሚያውቅ የለም። ሞግዚቷ ኋላ እንደተናገረችው፣ እነዚያ ልጆች ለዓመታት በአንድ አዳራሽ፣ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጠው ኖረዋል። ሐዋ ራሷ ሮጣ ልጁን መለሰችው። ክብ ሠርተው ቆሙ፤ ከዚያም እያንዳንዱ ስሙን ተናገረ። ባስልኤል። ኢልሃም። ሩሐማ። ኑሩ። አንዳንዶቹ ስማቸውን ለሌላ ልጅ ሲናገሩ አፈሩ። ጥርሷ የወለቀው ኢልሃም ናት፤ ወደ ጉሙ የሄደው ባስልኤል።

“ባስልኤል፣ ቁም!” አለች ኢልሃም በሁለተኛው ጊዜ። ቆመ። እሷም እሱን አልፋ፣ ሊያጣት እስኪል ድረስ ሄደች፤ ከእሷ አልፎ የሚቀጥለው ልጅ ገባ። እንዲህ እየሆኑ፣ እያንዳንዱ ከኋላው ያለውን ልጅ ማየት ሊሳነው እስኪል ድረስ እየራቀ፣ ግቢውን የሚያቋርጥ ሰልፍ ሠሩ። ሐዋ ካለችበት የሚታያት የመጀመሪያው ልጅ ብቻ ነው። የቀሩት ድምፅ ሆነዋል፤ ጉሙ ውስጥ ስም ሲጠራሩ ይሰማል።

የመጨረሻዋ ሩሐማ ነበረች። ያገኘችውን እንድትናገር፣ ቃሉም ከአፍ ወደ አፍ እንዲመጣ ሐዋ አዝዛለች። ሩሐማ ከግቢው ዳርቻ ግንብ አገኘች። ቃሉ ከጉሙ ውስጥ እየተቀባበለ መጣ፤ ሐዋ ዘንድ ሲደርስ የመጀመሪያው ልጅ፣ ፊቱ ሳይለወጥ፣ “ሩሐማ ግመል አግኝታለች” አለ።

ማን ቀድሞ እንደሳቀ አይታወቅም። ሳቁ ከዚህኛው ጫፍ ወደዚያኛው ሄደ፤ ሩሐማም ምን እንደሆነ ሳታውቅ ከወዲያ ማዶ ሳቀች። ሐዋ ሁሉንም ጠርታ ሰበሰበቻቸውና ግንቡ የት ላይ ግመል እንደሆነ ፈልጉ አለቻቸው። ልጆቹ ከየቆሙበት እየተወነጃጀሉ፣ እየተነካኩ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየደገመ መረመሩ። ከዚያ ርቀቱን በእርምጃ ለኩ፤ የአንዱ እርምጃ ከሌላው ስላልገጠመም ተከራከሩ። ሰዓቱ ሲያልቅ ሞግዚቷ ሰሐኗን ይዛ መጣች። ልጆቹ ክርክሩን ሳይጨርሱ መካሪዎቻቸውን በየጆሯቸው አስገቡ፤ ግቢውም ጸጥ አለ።

አዳራሹ ውስጥ ዶክተር ስምረት ቲቸር የሻረግን አስነሥተው፣ ይህችን አመልካች አስተምረዋታል ወይ ብለው ጠየቁ።

“አላስታውሳትም” አሉ ቲቸር የሻረግ።

ሐዋ አንገቷን ደፋች። ከአጣሪዎቹ አንዱ ሊነሣ ወንበሩን ገፋ።

“አልጨረስኩም” አሉ። “ልጆቹን ጠይቃ ዝም ስትል አያችኋት አይደል? እናንተ ተቁነጠነጣችሁ። እሷ ግን ቆመች። እኔ እንዲያ ነበር የምጠብቀው። ሱፐርቫይዘሩ ጊዜ ታባክኛለሽ እያለ ስንት ጊዜ ወቅሶኛል። መካሪ ልጅ ሲዘገይበት ፍንጭ ይሰጣል፤ አይጠብቅም። እና ይቺ ልጅ መጠበቅን ከመካሪ አልተማረችም።”

ዶክተር ስምረት፣ እንግዲህ ይህ አዎ ማለት ነው ወይ አሉ።

“ያየሁትን ነገርኳችሁ። ፍርዱ የእናንተ ነው።”

ሐዋ ቃሉን ስትሰማ የተሰማት ደስታ ብቻ አልነበረም። በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ ደወሉን፣ ዝናቡን፣ ሰሌዳውን ሁሉ ስትቆጥርላቸው፣ መጠበቁን አላነሣችም። አታስታውሰውም ነበር። አሁን ግን ታያት፤ ቲቸር የሻረግ ጠመኔያቸውን በጣቶቻቸው መካከል ይዘው፣ ፊታቸው ሳይቆጣ፣ ክፍሉ በሙሉ ዝም ብሎ አንድ ዝምተኛ ልጅ እስኪናገር ሲጠብቁ። ያ ልጅ ምናልባት እሷ ነበረች። ሌላ ልጅም ሊሆን ይችላል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ መቀበሏ ተነገራት። ዶክተር ስምረት ራሳቸው ደውለው ሌላም ነገር ጨመሩላት፦ መዋያው ከእንግዲህ አመልካች እንዳይላክበት ኮሌጁን ጠይቋል። ልጆቹ ከዚያን ቀን ጀምሮ በትምህርት ሰዓት ከከለላቸው በላይ ብቅ እያሉ በስም ይጠራራሉ፤ የሁሉም የትምህርት ፍጥነት ቀንሷል። ኮሌጁም ለሠልጣኞቹ ሌላ ቦታ እየፈለገ ነው። ዶክተር ስምረት ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ውስጥ ቅሬታም ደስታም አልነበረም። ሐዋ አመሰገነቻቸው።

በማግሥቱ ቅዳሜ ወዳጅ ለማመስገን እንደሚኬደው፣ ፍራፍሬ ይዛ ሐይቅ ወረደች። ቲቸር የሻረግ ፍራፍሬውን ተቀብለው ወደ ጓዳ አስገቡ። ከዚያ ወጥተው፣ ያን ዕለት ከኋላ ተቀምጠው ግማሹን ንግግሯን እንዳልሰሙ ነገሯት። ድምፅሽ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ይሞታል አሏት። ውረጂና ውሃው ዳር ቁሚ፤ እኔ እዚህ በረንዳ ላይ እሆናለሁ፤ የፈለግሽውን አስተምሪኝ አሏት።

ሐዋ ወረደች። ከበረንዳው እስከ ውሃው ያለው ዳገት ሰፊ ነው። ነፋስ አለ። አንድ ታንኳ ከውሃው ዳር መቃ ጎን ይወዛወዛል። ፀሐይ ስለነበረች ስለ ጥላ ጀመረች፤ እንጨቷን አሸዋው ላይ ተክላ፣ ገመዱን ዘርግታ፣ ወደ ላይ እየጮኸች አስረዳች። መጀመሪያ አፈረች። እየቆየ ሲሄድ ረሳችው።

መሐል ላይ ቲቸር የሻረግ እጃቸውን አወጡ።

ሐዋ ንግግሯን አቁማ፣ “አቤት ቲቸር” አለች።

አሮጊቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ተማሪ በስሙ ነው የሚጠራው” ሲሉ ድምፃቸው ያለ ምንም ድካም ውሃው ድረስ መጣ።

ሐዋ እናቷን የሚያህሉትን፣ ከእናቷም የሚበልጡትን ሴት እንዲያው በባዶ ስማቸው መጥራት አቃታት። አንዴ ሞከረችው፤ ከአፏ የወጣው ለራሷም አልተሰማትም።

“አልሰማሁም።”

ደረቷን ሞላች። “የሻረግ!” አለች።

ስሙ ውሃው ላይ ሄዶ ተመለሰ። ቲቸር የሻረግ ምርኩዛቸውን ወንበሩ ላይ አስደግፈው፣ የበረንዳውን አግዳሚ በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መልስ ሊሰጥ እንደተጠራ ተማሪ ቀስ ብለው ተነሡ። ቀጥ ብለው ቆሙና ጥያቄያቸውን ጠየቁ።